የክቡር ኢዶኮ ስጦታ

ኢንስፔክተር ኦንዬቼ የጠዋት ገንፎዋን ገና ሁለቴ እንኳ ሳትጎርስ ስልኳ ጮኸ።

«ኦንዬቼ፣» አለ አለቃዋ፣ ሰላምታ የሚባል ነገር ሳያስቀድም፣ «ክቡር ኢዶኮ ቢሮ ውስጥ ሰው ሞቷል። የጄኔሬተር ጭስ ነው። ሄደሽ አደጋ ነው ብለሽ ፈርመሽ ተመለሽ። ዛሬ ስጦታ የሚታደልበት ቀን ነው፤ ቴሌቪዥንም ይመጣል።»

«ሬሳውን ማን አየው ጌታዬ?»

«አንቺ ታዪዋለሻ! ከዚያ አደጋ ነው ትያለሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። ኦንዬቼ ማንኪያውን ወረወረችው። አይታ እንዳላየች ስትሆን ነው ፀጉሯ የሸበተው፤ ጡረታዋ ሳይደርስ አንዴ እንኳ ያየችውን አየሁ ብላ መጻፍ አማራት።

የምክር ቤት አባሉ የክቡር ኢዶኮ ቢሮ የሚገኘው ኢቻንዳ ከተማ ገበያው ዳር ነው። በሩ ላይ ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ እንደ እህል ተሰጥቷል፤ ባሏ የሞተባት፣ ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሁሉም ጄኔሬተርና የስፌት ማሽን ሊቀበል ነው የመጣው። የክቡር ኢዶኮ ፊት ያላረፈበት ነገር የለም። ጃንጥላው ላይ ይስቃል፣ የሩዝ ከረጢቱ ላይ ይስቃል፣ ማሽኑ ላይ ይስቃል። ሰው እንዴት ይህን ያህል ይስቃል፣ እግዜር ያሳያችሁ!

«የኤጄምቢ ቢሮ ዛሬ አይከፈትም እንዴ ልጄ?» ስትል ማማ ኦጂያ የተባለች አሮጊት ኢንስፔክተሯን ቀሚሷን ይዛ ጠየቀቻት።

«የክቡር ኢዶኮ ቢሮ ማለትሽ ነው?»

«እሱንማ በፎቶ ነው የምናውቀው። ልጄን ሐኪም ቤት ያደረሰልኝ ኤጄምቢ ነው።»

ኦንዬቼ የሞተው እሱ መሆኑን ልትነግራት አልደፈረችም።

ኤጄምቢ የክቡርነታቸው ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር። ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ በተደረደሩት ጄኔሬተሮች መሃል በግንባሩ ተደፍቷል፤ አንድ ጄኔሬተር አጠገቡ አለ። የበሩ አግዳሚ ወንበር ላይ የዕቃ ቤት ጠባቂዋ ኦቻንያ እጆቿ በካቴና ታስረው ታለቅሳለች። ጣቢያው ያለው ካቴና ይኸው አንድ ነው፤ እሱንም ዓምና «የጸጥታ ድጋፍ» ተብሎ የሰጡት ክቡር ኢዶኮ ናቸው። ካቴናው ላይም ይስቃሉ።

«ምን አድርጋ ነው ያሰርካት?» አለችው ኦንዬቼ በሩን የሚጠብቀውን ኮንስታብል አክፓን።

«ሰውየው ጄኔሬተር ሲሞክር ሳታይ ቆልፋበት ሄደች ማዳም። ጭሱ አዞረው፣ ወደቀ፣ ማሽን መታው። ክቡርነታቸው በቸልተኝነት ትከሰስ ብለዋል።»

«ውሸት ነው ማዳም!» ኦቻንያ ተንሰቀሰቀች። «እሱ እኮ ሽማግሌዎቹ ጋ እሄዳለሁ ብሎ ቀድሞኝ ነው የወጣው። እኔ ባዶ ቤት ነው የቆለፍኩት! አሁን እኔ ስታሰር ልጆቼን ማን ያያቸዋል?»

«ቁልፉ ማን ማን ጋ አለ?»

«እኔና ክቡርነታቸው ጋ ብቻ።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፣» አለች ኦንዬቼ በልቧ፤ ግን ምኑን ይዛ? ጎንበስ ብላ ሬሳውን አየች። የተደፋው በግንባሩ ነው፤ የተፈነከተው ማጅራቱ ላይ ነው። በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሽማግሌ ለክብር የሚቆርሰው አንድ ፍንካች የኮላ ፍሬ አገኘች። ቀጥላ ጄኔሬተሩን ዞረችው። ጭስ መውጫው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ምንም አልሆነም፤ ክቡርነታቸው እዚያም ላይ ነጭ በነጭ ጥርሳቸውን አሳይተዋል። ማሽኑን በአንድ እጇ አነሳችው። አጠገቡ ያለውንም አነሳችው። ሦስተኛውን ካነሳች በኋላ ብቻዋን ሳቀች፤ የንዴት ሳቅ ነበር።

ዕቃውን ያቀረበው ነጋዴ ኦዶጄ ግቢው ውስጥ በጥልፍ ልብሱ ተጀንኖ ቆሟል።

«ማታ የት ነበርክ?»

«የአጎቴ ተዝካር ላይ ስጨፍር! ከተማው በሙሉ አይቶኛል። ደግሞ እኔ ከኤጄምቢ ጋር ምን ጠብ አለኝ?»

«ዕቃው ደህና ነው?»

«ከካርቶን የወጣ አዲስ ነዋ!» ላቡን ጠረገና ወሬ ለወጠ። «ሽማግሌዎቹ ትናንት ለኤጄምቢ ኮላ ቆርሰውለታል አሉ።»

ኢቻንዳ ላይ ሽማግሌ ኮላ ቆርሶ ድርሻውን የሚሰጠው ለምርጫ «ሂድ፣ ከጎንህ ነን» ለተባለ ሰው ነው።

«ክቡርነታቸው ሰምተዋል?»

«ኧረ ተይኝ ማዳም! ሆድ ይፍጀው።»

በዚህ መሃል ክቡር ኢዶኮ በሦስት መኪና ታጅበው ደረሱ። ገና ከመውረዳቸው «አልጨረሽም እንዴ?» አሉ። «ሕዝቤ ፀሐይ ላይ ነው!»

«አንድ ጥያቄ ብቻ ክቡርነትዎ። ኤጄምቢን መጨረሻ ያነጋገሩት መቼ ነው?»

«ማታ፣ ከዋናው ከተማ ደውዬለት። የጄኔሬተሩ ጩኸት ጆሮዬን ሊበጥሰው ነበር! ‹ኧረ በሩን ክፈት፣ ጭሱ ይገድልሃል› ብዬው ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ አልሰማኝም።» ዓይናቸውን በመሐረብ ነካ ነካ አደረጉ። ሹፌራቸው አሜዱ ከኋላቸው ቆሞ ከጫማው ላይ ዓይኑን አላነሳም።

ያኔ የአለቃዋ ስልክ ደግሞ መጣ። «ፈረምሽ?»

«ልፈርም ነው ጌታዬ፣» አለችና ዘጋችው።

ጄኔሬተሩን ተሸክማ ወደ ግቢው ወጣች። በሩን አስከፍታ ሕዝቡን አስገባች፤ ካሜራውም ተደገነ። ክቡርነታቸው አደጋ መሆኑን ልታውጅ መስሏቸው ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ወገኖቼ፣» አለች ድምፅዋ እየሻከረ፣ «ኤጄምቢ ሞቷል። ጭስ ገደለው ተብሏል። ጨሰ የተባለው ይኸው ነው።» የማማ ኦጂያ እሪታ እስኪበርድ ጠበቀች። «ኦዶጄ፣ አስነሳው እስቲ።»

«እኔ? በዚህ ልብስ? ወገቤን ያመኛል!» አለ ነጋዴው እጁን ወደ ኋላ እየሰበሰበ።

«እንግዲያው ክቡርነትዎ?»

ክቡር ኢዶኮ ወደ ካሜራው ፈገግ አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው የማስነሻውን ገመድ ሳቡ። ዝም። ደግመው ሳቡ። ዝም። በሦስተኛው ገመዱ ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። አንድ የሞተር ሳይክል ጠጋኝ በመፍቻ ክዳኑን ፈታው። ውስጡ ባዶ ነው። ከቆርቆሮ በቀር ብሎን እንኳ የለበትም። ሕዝቡ ጮኸ፣ ተሳደበ፤ አንዱማ ጫማውን ወርውሮ የክቡርነታቸውን ፖስተር መታ።

«ያዙት ነጋዴውን!» አለ አክፓ ዘሎ። «ኤጄምቢ ሊያጋልጠው ሲል ገደለው!»

«ቆይ፣ አትቸኩል፣» አለች ኦንዬቼ። «ኦዶጄ ሌባ ነው፤ ገዳይ ግን አይደለም። አሁን አላየህም? ባዶ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ገመዱን አይነካም። ጄኔሬተር ገደለው የሚል ተረትማ ጨርሶ አይፈጥርም። ገዳዩ ማሽኑ እውነተኛ የመሰለው ሰው ነው፤ ተታሎ የገዛው ሰው።»

ክቡር ኢዶኮ ገመዱን እንደያዙ ቀሩ።

«ወረቀቱ ጭስ መውጫው ላይ እንዳለ አለ፤ ሌሊቱን የሠራ ሞተር ያቃጥለው ነበር። ኤጄምቢ የተደፋው በግንባሩ፣ የተመታው ከኋላው። ኦቻንያ ስትቆልፍ ወጥቶ ነበር፤ ከሽማግሌዎቹ የተሰጠው ኮላ ኪሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ በኋላ መልሶ ያስገባው ሌላኛው ቁልፍ ያለው ሰው ነው፤ ያም ወንበሩን ሊነጠቅ መሆኑን የሰማ ነው። ክቡርነትዎ፣ ማታ ጆሮዎን ሊበጥሰው የነበረው ጩኸት ከየት መጣ? ከዚህ ቆርቆሮ?»

«ስም ማጥፋት ነው! እኔ ማታ እዚህ አልነበርኩም!»

«ነበሩ፣» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ። ሹፌሩ አሜዱ ነበር፤ እያለቀሰ ነው። «ማታ እዚህ አመጣኋቸው፤ ከግቢው ውጭ ማንጎው ሥር ቁም አሉኝ። ሲመለሱ ‹እዚህ አልመጣንም፣ ሰማህ?› አሉኝ። ኤጄምቢ የልጄን የትምህርት ቤት ጉዳይ የጨረሰልኝ ሰው ነው፤ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልችልም።»

«ነገ ከዚህ ትዛወሪያለሽ! ሰማሽ?» ጮኹ ክቡርነታቸው።

«ነገ ነዋ። ዛሬ ገና አላለቀም። አክፓ፣ እሰረው።»

አክፓ ወገቡን ዳበሰ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ ፊቱ ተለወጠ። «ማዳም... ካቴናው እኮ ኦቻንያ እጅ ላይ ነው።»

«ፍታታ! ምን ትጠብቃለህ?»

ኦቻንያ አንጓዎቿን እያሻሸች ተነሳች፤ አንዷ መበለት ደገፈቻት። ለኦዶጄ ካቴና አልተረፈም፤ የጄኔሬተሩን ገመድ ከክቡርነታቸው እጅ ተቀብለው እሱን በዚያ አሰሩት።

«ታዲያ ዛሬ አይታደልም ማለት ነው?» አለች ማማ ኦጂያ ዕንባዋን እየጠረገች። «ከንጋት ጀምሮ ነው እኮ የቆምነው። ነገስ ሲያመን ማን ጋ እንሄዳለን?»

ኦንዬቼ ለአክፓ በራሷ ምልክት ሰጠችው። ገዳይ ይዛም ንዴቷ አልበረደላትም።

ካቴናው የክቡር ኢዶኮ አንጓ ላይ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። እሳቸው ታገሉ፣ ሳቡ፤ አልላላም። አሮጊቷ ጠጋ ብላ ካቴናው ላይ የሚስቀውን ፊት አየች፤ ቀና ብላ ደግሞ ባለቤቱን አየች።

«ተመስገን፣» አለች። «ከሰጠን ሁሉ ይኼ እንኳ ይሠራል።»