ያልፈላው ሻይ

ሳጅን ሴጋሜትሲ እሁድ ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ካምፕ የተላከችው ለፊርማ ብቻ ነበር። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሞሌፊ ሴሌካ የሚባል ሰው በተጎታች ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል። ሐኪሙ አይቶት የምድጃ ጭስ ነው ያፈነው ብሏል፤ አስከሬኑም ከተማ ገብቷል። አለቃዋ በስልክ የነገራት አጭር ነው። እናትየው ማንቆርቆሪያ ጥዳ ረስታለች፤ የቤተሰቡን ቃል ተቀበይና ተመለሽ፤ ሐዘንተኛ አታጉላይ አላት።

ሴጋሜትሲ «ተመለሽ» ሲሏት እግሯ የሚከብድ ሴት ናት።

ስትደርስ ካምፑ ሁሉ ይተረማመሳል። እሁድ ቀትር ላይ ቦታ መልቀቅ ግድ ስለሆነ አንዱ ሸራውን ያጥፋል፣ አንዱ የመብራት ገመድ ይጠቀልላል፣ እናቶች ከውሃው አልወጣ ያሉ ልጆቻቸውን ይጣራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት የዚያ አገር ደረቅ የነሐሴ ነፋስ ተነስቶ ቀዩን አፈር ሲያራግፍባቸው ውሎ ነበር። አመሻሽ ላይ ቆሟል፤ ግን ወንበሩም መኪናውም ጥብሱ የተጠበሰበት ብረትም በርበሬ የተነፋበት ይመስላል። የሰዉም ፊት እንደዚያው ነው፤ ማንም በአንድ ቦታ አይረጋም።

በሴሌካ ቤተሰብ ቦታ የሟች ታናሽ ወንድም ሌሩሞ መኪናውን ወደ ኋላ አስጠግቶ ተጎታቹን ሊያያይዝ ጎንበስ ብሏል። ሴጋሜትሲ ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም ተወው አለችው።

«ሳጅን፣ እናቴን ከዚህ ቦታ ቶሎ ላንሳት ብዬ ነው።»

«ታነሳታለህ። እኔ ከጨረስኩ በኋላ።»

እናትየው እማ ሴሌካ በታጣፊ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሁለቱ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ የሰው ዕቃ ይመስል ተጋድመዋል። ሴጋሜትሲ ከፊታቸው ቁጢጥ ስትል ቀና ብለው አዩዋት።

«ጻፊው ልጄ። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«እጽፋለሁ እማ። መጀመሪያ ግን ሻዩን ሲጥዱ ከነበረው ይጀምሩልኝ።»

አሮጊቷ ቀስ እያሉ ተናገሩ። አርብ ዕለት ሞሌፊ ዓሣ ሲያጠምድ መንጠቆው ቀኝ መዳፉን ወግቶታል። ቅዳሜ ቀትር ላይ ሚስቱ ቦይቼፖ አዲስ ነጭ ፋሻ አሰረችለት፤ የሕመም ማስታገሻውን ዋጠና ተጎታቹ ውስጥ ጋደም አለ። እሳቸው እንዳይቀሰቅሱት በቀስታ ገቡ፤ በሩን ክፍት ትተው ማንቆርቆሪያውን ጣዱ። እሳቱ አነሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ። ውሃው ለብ እንኳን አላለም። ጋዙ አለቀ ብለው ወጡና በሩን ዘጉ።

«ለሰው ነገሩ?»

«ከሸራው ሥር ሁሉም ተቀምጠው ነበር። ጋዙ አልቋል፣ ሻይ የለም አልኩ። ነፋሱ ይጮሃል፤ ማን እንደሰማኝ እንጃ። ከዚያ ሁሉም ከአቧራው ሸሽቶ ተበተነ፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ወጥ ቤት ገባሁ።»

«ታዲያ እሳቱ ከጠፋ የእርስዎ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?»

አሮጊቷ ሳቅ የሚመስል ነገር አሰሙ። «ጋዙ አላለቀማ። ማታ ስናገኘው ምድጃው ይነድ ነበር፤ ማንቆርቆሪያው ደርቆ ጠቁሯል። መስኮቱ ለአቧራው ተዘግቷል፤ የአየር ቀዳዳውንም በፎጣ ደፍኜው ኖሯል። ሲሊንደሩም ሙሉ ነው። ሌሩሞ አስነስቶ አሳየኝ፤ አልነቀነቅ አለኝ። ሙሉ ጋዝ እንዴት ያልቃል? ያለቀው የኔ ጭንቅላት ነው።»

ሌሩሞ ከኋላ ሆኖ ለእናቱ የአረጋውያን ማረፊያ እንደፈለገላቸው፣ ከሰኞ ጀምሮ እዚያ ቢገቡ እንደሚሻል በለሆሳስ ተናገረ። አሮጊቷ ሰምተው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሴጋሜትሲን ዕረፍት የነሳት ይህ መነቅነቅ ነው። ይህን ወረቀት አስፈርማ ከሄደች እኚህ ሴት ቀሪ ዕድሜያቸውን የልጃቸው ገዳይ ሆነው ይኖራሉ።

ተነስታ ተጎታቹን መዞር ጀመረች። ከፊት በኩል፣ ከመጎተቻው ብረት በላይ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ክፍት ሳጥን አለ። ሲሊንደሩን ልታነሳው ሞከረች፤ እውነትም ከባድ ነው። በላዩ የተቀመጠውን አቧራ እፍ ብትለው በነነ። ጎማው ከሲሊንደሩ አፍ ጋር በሚገጥምበት ዙሪያ ግን አቧራው አልበነነም። እንደ ደረቀ ጭቃ ቀለበት ሠርቶ ተጣብቋል። በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ በጥፍሯ ቆንጥራ አሸተተችው፤ ሎሚ ሎሚ ይላል። ሸራው ሥር ከማጠቢያው ሣህን አጠገብ ያለውን አረንጓዴ የሎሚ ፈሳሽ ሳሙና አየችና ጥፍሯን ጠረገች።

የተጎታቹ ግራ ማዕዘን ከሌላው የበለጠ ነጭ ነበር፤ ቅርብ ጊዜ ተለጥፎ የተቀባ።

«ይሄስ?»

«የአጥር ምሰሶ ነው» አለ ሌሩሞ። «በፋሲካ ከሞሌፊ ተውሼው ሄጄ ገጨሁት። ራሱ ነው የጠገነው።»

ሴጋሜትሲ በፋሲካ ሰሞን ከማዕድን ማውጫው መንገድ ዳር ተገጭቶ የተገኘውን መንገደኛና አስከሬኑ አጠገብ የለቀመችውን ነጭ ስብርባሪ አስታወሰች። ከዚያ ወዲህ የነጭ ተጎታች ማዕዘን ሳታይ አታልፍም። ይህንንም በሆዷ ያዘችው።

«ትርፍ ሲሊንደር አላችሁ?»

«መኪናው ኋላ አለ። አልተነካም፤ ሙሉ ነው።»

እውነትም የፕላስቲክ ክዳኑ እንደተደፋበት ቆሟል። ሴጋሜትሲ በአንድ እጇ ብድግ አደረገችው፣ ቦታው መለሰችው፣ የመኪናውንም ቁልፍ ተቀብላ ኪሷ ከተተች። ሌሩሞ ምነው ቢላት፣ መርሳት ስለማልወድ ነው አለችው። ሐኪሙ ጋ ደውላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። አለቃዋ ሲደውል ግን ስልኩን አላነሳችም።

ቦይቼፖን ከካምፑ የጋራ ዕቃ ማጠቢያ አገኘቻት። የታጠበውን ሣህን ደግማ ታጥባለች። ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ የጋራ ወጥ ቤት ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ከአቧራ ተጠልላ እንደነበር ተናገረች። የካምፑ ሰዎች አርብ ማታ ሰማን ስላሉት የወንድማማቾቹ ጭቅጭቅ ስትጠየቅ ሣህኑን ይበልጥ ፈተገችው።

«ስለ ቦታ ነው። ስለ ዛፉ ጥላ።»

«ስለ ጥላው የተጣላው ጎረቤታችሁ መሰለኝ።»

«እሱም ተጣልቷል» አለችና ሌላ ሣህን አነሳች።

ጎረቤቱ ኦም ፋኒ («ኦም» በአካባቢው አጎቴ ማለት ነው) ፂማቸው የተበጠረ፣ ሆዳቸው ከቁምጣቸው ቀድሞ የሚደርስ ሽማግሌ ናቸው። አዎን፣ ሞሌፊ ከዛፉ ሥር የለመዱትን ቦታ ቀድሟቸው ስለያዘ ሰድበውታል። ማታውን ደግሞ ቋሊማ ይዘውለት ሄደው አብረው በሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ተኝተው ነበር።

«ምስክር አለዎት?»

«ሚስቴ። ማንኮራፋቴ ከነፋሱ በልጦ አላስተኛኝም ብላ እስካሁን አኩርፋኛለች። ሌላ ማስረጃ ከፈለግሽ ከሷ ጋር እደሪ።»

ሌሩሞ ደግሞ ሙሉውን ከሰዓት ውሃው ዳር ብቻዬን ዓሣ ሳጠምድ ነበርኩ አለ። በዚያ አቧራ? አዎን፣ በዚያ አቧራ።

ቀትር ሲቃረብ የካምፑ ኃላፊ መጥቶ ሰዓቱን አሳየ። ሴጋሜትሲ አራቱንም በሴሌካ ሸራ ሥር ሰበሰበቻቸው። ኦም ፋኒን ትንሿን ምድጃቸውን፣ ሲሊንደራቸውንና ማንቆርቆሪያቸውን እንዲያመጡ ለመነቻቸው።

«እማ ሴሌካ ትናንት ሻይ አልጠጡም» አለች። «ከመንገዱ በፊት ቀይ ሻይ እናፍላላቸው። የናንተን ጋዝ እንዳይነካ ይዤዋለሁ። ኦም ፋኒ፣ እስቲ ይግጠሙልን።»

ኦም ፋኒ ጎማውን ገጠሙ፣ በመፍቻ ጠበቅ አደረጉና ላይተር አውጥተው ነበልባሉን በመጋጠሚያው ዙሪያ አሽከረከሩት። ቦይቼፖ ወንበሯን ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ካልፈነዳ ደህና ነው ማለት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሞሌፊ ሁሌ ይሰድበኝ ነበር በዚህ።»

ሴጋሜትሲ አመስግና አስፈታቻቸው። ቦይቼፖን ደግሞ አንቺ ሞክሪ አለቻት። ሴትየዋ እጅጌዋን ሰብስባ ከክርኗ በታች ያለውን የቆየ ጠባሳ አሳየቻት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ጋዝ ነክታ አታውቅም፤ አሮጊቷም እውነት ነው አሉ።

«እንግዲያው አንተ፣ ሌሩሞ።»

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይሄ?»

«ቶሎ ግጠምና ቶሎ እንሂድ።»

ሌሩሞ በንዴት መፍቻውን ነጠቀ። ገጠመ፣ አጠበቀ፣ ሲሊንደሩን ከፈተ። ከዚያም ማንም ሳያዘው እጁን ወደ ሎሚ ሳሙናው ሰደደ፣ ጣቱ ላይ ጠብ አደረገና መጋጠሚያውን ዙሪያውን ቀባው። ጎንበስ ብሎም አረፋ ይወጣ እንደሆነ ዓይኑን ተክሎ ተመለከተ። አልወጣም። ምድጃውን ለኮሰና ማንቆርቆሪያውን ጣደ።

«ደህና ነው» አለ።

«ትናንትም ደህና ነበር» አለች ሴጋሜትሲ።

ቀና ሲል ሁሉም እሱን ያያሉ፤ እሱ ግን ገና አልገባውም።

«እማ፣ መጀመሪያ ለእርስዎ ልናገር» አለች ሳጅኗ። «ጋዙ አልቆብዎት ነበር። መኪናው ኋላ ያለው፣ ሙሉ ነው የተባለው ትርፍ ሲሊንደር ባዶ ነው፤ ክዳን ተደፍቶበት ነው የቆመው። ስለዚህ ከእርስዎ በኋላ አንድ ሰው ባዶውን አውጥቶ ሙሉውን ተክቷል። ለመልካም ቢሆን ኖሮ ጋዙን ቀየርኩልሽ እማዬ ይል ነበር። ማንም አላለም። ይልቁን ሙሉውን አስነስቶ፣ ረስተሻል ብሎ አሳመነዎት።»

«ሞሌፊ ራሱ ቀይሮት ይሆናላ» አለ ሌሩሞ።

«እኔም አስቤው ነበር። ከተጎታቹ ሲሊንደር አፍ ላይ የሳሙና ቅሪት አለ፤ አቧራው እርጥቡ ላይ ተጋግሮ ደርቋል። ሌላው ቦታ ላይ ያለው አቧራ ግን እፍ ሲሉት ይበናል። ሳሙናው የተቀባው እንግዲህ አቧራው ሲነፍስ ነው፤ ትናንት ከሰዓት። በዚያ አቧራ ወጥቶ መፍቻ የያዘ ሰው እጁ ቀይ ይሆናል። ሐኪሙን ጠየቅኩት። የሞሌፊ ፋሻ ሚስቱ እንዳሰረችው ነጭ ነበር።»

ኦም ፋኒ ላይተራቸውን እያዩ፣ እኔ ሳሙና አልቀባም አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው አነሰ።

«አይቀቡም። ቦይቼፖም ጋዝ አትነካም። የቀየረው ሰው ሳሙናውን የቀባው አስቦበት አይደለም። እጁ የለመደውን ነው ያደረገው፤ አሁን ሁላችን ፊት እንዳደረገው። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባ፤ ወንድሙ በመድኃኒቱ ከብዶታል። ማንቆርቆሪያው እንዳለ ምድጃውን ለኮሰ፤ መስኮቱ ለአቧራው አስቀድሞ ተዘግቷል። የአየር ቀዳዳውን በፎጣ ደፈነና በሩን ዘግቶ ወጣ።»

ሌሩሞ ጣቱን አየ። ሳሙናው ገና አልደረቀም።

«ለምን ብዬ ነው ወንድሜን የምገድለው?» አለ። ለሳጅኗ ሳይሆን ለጣቱ የሚናገር ይመስል ነበር።

ቦይቼፖ ነበረች የመለሰችው። «ሰኞ ስለነበረ።» ተነስታ ቆመች። «አርብ ማታ ሰምቻለሁ። ማዕዘኑን የሰበረው የአጥር ምሰሶ አይደለም፤ ሰው ነው። ሞሌፊ ስብርባሪውን ሲጠግን ጨርቅ አገኘበት። ሰኞ አብረን ፖሊስ ጋ እንሄዳለን፣ እምቢ ካልክ ብቻዬን እሄዳለሁ አለህ። ትናንት ማታ ደግሞ የሞተን ሰው ስም በክርክር አታንሺ፣ እማዬን አትግደያት ብለህ አለቀስክብኝ። እኔም አመንኩህ። እሳቸው እዚህ ተቀምጠው ራሳቸውን ሲረግሙ እያየሁ አመንኩህ።»

 ሴጋሜትሲ አስቀድማ ያስጠራቻቸው ሁለት ፖሊሶች ከካምፑ በር በኩል ሲመጡ ሌሩሞ አልሮጠም። መፍቻውን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን በሱሪው ጠረገ። በእናቱ ፊት ሲያልፍ ቆም ለማለት ሞከረ፤ አሮጊቷ ግን ምድጃውን ነበር የሚያዩት።

መኪናው ከራቀ በኋላ ሴጋሜትሲ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ይዛው የዞረችውን ነገር ልታስረክባቸው ፈለገች።

«እማ፣ ልጅዎን አልገደሉም። አንድም ነገር አልረሱም። ጭንቅላትዎ ጤነኛ ነው።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ወደ ሎሚ ሳሙናው መለሱ።

«አባታቸው ነው ሳሙናውን ያስተማራቸው» አሉ። «ትንንሾች ሆነው፣ እዚሁ ሐይቅ ዳር፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ። አረፋ ከወጣ ጋዝ ያፈስሳል፣ የፈሰሰ ጋዝ ሰው ይገድላል እያለ። ልጆቼ እንዳይሞቱብኝ ብሎ ነበር እኮ።» ብርድ ልብሱን ሰበሰቡት። «ብረሳ ይሻለኝ ነበር፣ ልጄ። አንዱ ይቀርልኝ ነበር።»

 ማንቆርቆሪያው ፈልቶ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል፤ ቦይቼፖም ኦም ፋኒም ሊቀዱ አልተነሱም። እማ ሴሌካ ወንበሩን ተደግፈው ቆሙ። ምድጃውን አጠፉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የሲሊንደሩን አፍ በሁለት እጃቸው ዘጉት፤ መዘጋቱንም ደግመው ሞከሩ።

«አይታችኋል አይደል?» አሉ ቀና ብለው። «ዘግቻለሁ።»