ማቆሚያው ሁለቴ ሲበራ

ይሄ ከሰው የሰማሁት አይደለም፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። የሚያምን ይመን፤ የማያምን ያንን በርሜል ሄዶ ይየው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ።

የምሠራው ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ነው። ታላቅ ወንድሜ መካኒክ ነው፤ ያን ቀን የእጅ ባትሪ ይዞ የማደባለቂያው ትልቅ በርሜል ውስጥ ገብቶ ብሎን ያጠብቃል። እኔ ውጭ ቁጭ ብዬ በላፕቶፕ አዲሱን ስታርተር ፕሮግራም አደርጋለሁ። ስታርተር ማለት ሞተሩን የሚያስነሳና የሚያቆም ሳጥን ነው። ከሩቅ ማንም አያዘውም፤ የሚያዙት አጠገቡ ያሉት ሁለት መጫኛዎች፣ ማስነሻና ማቆሚያ፣ ብቻ ናቸው።

"ዕድሜዬ ያንተ ጣት ላይ ነው፣ እንዳታስነጥስ" አለኝ ሲገባ። ሳቅን።

ለስታርተሩ የጻፍኩት ደንብ የአባባ ነው፤ ማቆሚያው ሁለቴ ካልተጫነ አይነሳም። አባባ የድሮው ኦፕሬተራችን ናቸው። ከማስነሳታቸው በፊት ማቆሚያውን ሁለቴ ይጫናሉ፤ ከዚያ ወደ በርሜሉ ጎንበስ ብለው "ሰው አለ?" ይላሉ። አንድ ቀን እሳቸው ውስጥ እያሉ ሌላ ሰው ሳይጠይቅ አስነሳው።

ነፍስ ይማር።

ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ዋናው ብሬከር ጠፍቶ ጓጉንቸር ገብቶበታል፤ ቁልፉ ወንድሜ ኪስ ነው። የስታርተሩ ስክሪን ብቻ ከላፕቶፑ ኃይል ወስዶ በርቷል። የመጫኛዎቹ ሽቦ ገና አልታሰረም።

ስክሪኑ ላይ "ማቆሚያ" የሚለው በራ።

ጠፋ።

እንደገና በራ...

ሽቦውን አየሁት። ጫፉ እጄ ላይ ነው።

ከበርሜሉ ውስጥ ወንድሜ በተሰላቸ ድምፅ ተናገረ።

"አለሁ አልኩህ እኮ። ስንቴ ትጠይቀኛለህ?"

ወደ በርሜሉ አፍ ተጠጋሁ።

"ጋሼ..." አልኩ በሹክሹክታ። "እኔ ምንም አልጠየቅኩህም።"

ብሎን ማጥበቁን አቆመ።

"ታዲያ... ጆሮዬ ስር ያለው ማነው?"

"ውጣ። ዕቃውን ተወውና ውጣ።"

ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። እግሩ ከመውጣቱ "ማስነሻ" የሚለው በራ።

በርሜሉ መዞር ጀመረ። ኤሌክትሪክ የሌለው በርሜል።

ወንድሜ ኪሱን ዳበሰ። ቁልፉ አለ። ጓጉንቸሩም እንደተቆለፈ ነው። የወንድሜን ልጆች አሰብኩ።

የእጅ ባትሪው ግን ውስጥ ቀርቷል።

በርሜሉ ሲዞር አብሮ መንከባለል ነበረበት። አልተንከባለለም። ብርሃኑ በሰው ደረት ልክ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ወንድሜ ከድንጋጤ ይሁን ከልማድ እንጃ፣ ወደ በርሜሉ አፍ ጎንበስ ብሎ "ሰው አለ?" አለ።

ባትሪው ጠፍቶ በራ።

ጠፍቶ በራ።

በርሜሉ ቆመ... ብርሃኑ ግን ቀስ እያለ ወደ አፉ መምጣት ጀመረ።