ተረብና ሰባት ቤት

ናአማ ጨዋታ ላይ የሚያወራ ሰው አትወድም ነበር።

ቀን ቀን እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ ውስጥ መነጽር ቤት ትሠራለች። የሰው ፊት ትለካለች፣ የሰው ብሶት ታዳምጣለች። ከሥራ በኋላ የፑል ዱላዋን በረጅም ቦርሳ አንግታ ያቭኔ ወዳለው ክለብ ስትሄድ መስማት የምትፈልገው የኳስ ድምፅ ብቻ ነው። በፑል ሊጉ አንደኛ ምድብ ከሚጫወቱት ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት። ግጥሚያውን በኢንተርኔት በቀጥታ የሚያስተላልፉት ልጆች «ጸጥተኛዋ» የሚል ስም አውጥተውላታል።

ቶመርን ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በምላሱ ነው። የገዴራ ልጅ ነው፤ አየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል። ከጎንደር የመጣው ትንሽ ሆኖ ነው፤ ቶመር የሚለውን ስም ያወጣችለትም የመጀመሪያ መምህርቱ ናት። ጠረጴዛው ዙሪያ ሲቆም ተመልካቹን ያስቃል፣ ተጋጣሚውን ይተርባል፣ ሲስትም ራሱን አይምርም። ተሸንፎ የሚወጣው እንኳ እየሳቀ ነው የሚወጣው።

ዝናባማ በሆነ አንድ ቀን ዕጣ አገናኛቸው።

«ሰላም፣ እመቤት» አላት የዱላውን ጫፍ በጠመኔ እያሸ። «አትጨነቂ፣ እኔ ቶሎ ነው የምሸነፈው።»

ናአማ አልመለሰችም። ቶመር የመጀመሪያዋን ኳስ ሳተ።

«አያችሁ? እስከ ጠረጴዛው ኪስ አፍ ድረስ ሄደችና ኪራዩ ተወደደብኝ ብላ ተመለሰች!»

አዳራሹ ሳቀ። ናአማ ጎንበስ አለችና ሦስት ኳስ አከታትላ አስገባች። ቶመር ወደ ዳኛዋ ዞረ።

«ሮኒት፣ እባክሽ ትንፋሿን አዳምጪልኝ። ብቻዬን እየተጫወትኩ እንዳይሆን።»

ጨዋታው እኩል ሆኖ ሄደና ወሳኟ ዘጠኝ ቁጥር ኳስ ለእሱ ደረሰችው። ቶመር ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘጋ። ጎንበስ ብሎ አለመ፣ አለመ፣ መታ። ኳሷ በኪሱ ከንፈር ላይ ተንቀጠቀጠችና ቆመች።

«ለካ ዝም ብለህም ትስታለህ» አለች ናአማ።

እንዴት ከአፏ እንደወጣ ራሷም አላወቀችም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከጥግ ተቀምጦ የነበረው አንጋፋው ተጫዋች ኦሪ ሶዳው ትን አለው። ቶመር ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ተናገረች! ሮኒት፣ ምስክሬ ነሽ፣ ተናገረች!»

ከጨዋታው በኋላ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ዝናቡን ተጠልላ ቆማ ሳለ የቶመር የሥራ መኪና አጠገቧ ቆመች።

«እስከ ገዴራ ልውሰድሽ? ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ቶሎ ይገኛል። ቃሌ ነው፣ አላወራም።»

ገባች። እውነትም አላወራም። መንገዱ ተጋመሰ፤ የሚሰማው የዝናብ መጥረጊያው ድምፅ ብቻ ነው። ናአማ ሰርቃ አየችው።

«ታመምክ እንዴ?»

«አይ። ከጠረጴዛው ውጭ እንዲህ ነኝ።» ቀኝ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ አሳያት። «ካላወራሁ ይንቀጠቀጣል። ሳወራ ሰው አፌን ያያል፤ እጄን የሚያይ የለም።»

ናአማ እጁን አየችው። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ልቧ ተነካ። ገዴራ ሲደርሱ አላቆመም፤ እሷም አላስቆመችውም። ቂርያት ማላኪ የምትኖርበት ፎቅ ሥር ድረስ አደረሳት።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ ግጥሚያ ሲኖር ክለቡ ይሞላ ጀመር። እሱ ይተርባታል፤ እሷ ብዙ ቆይታ አንዲት ቃል ትመልሳለች፤ ያቺ አንዲት ቃል የእሱን አሥር ትጥላለች። ስርጭቱን የሚያዩት ሰዎች ተፋቅረዋል እያሉ ይጽፉ ነበር። ቀልዳቸውን ነበር፤ ግን አልተሳሳቱም።

አባቷ ጓዴ ቤኤር ቱቪያ በሚባል መንደር ባለ መጋዘን ነው የሚሠራው። ፑል ቤት የሰካራም ቦታ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። አንድ ቀን ግን በናአማ ስልክ ግጥሚያውን ሲያይ፣ ቶመር ስለ ገዛ አጨዋወቱ የተናገረው ነገር በሳቅ እንባውን አስፈሰሰው።

«ይሄ ልጅ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

ናአማ ፊቷ ጋለ። «አባ፣ ሊጠይቅህ ይፈልጋል። ቅዳሜ ማታ ሻባት ሲወጣ ይምጣ?»

ቶመር መጣ። እጁን በጉልበቱ መሐል ደብቆ ተቀመጠ፤ አንድም ቀልድ አልወጣውም። ጓዴ ወደደው። ምግቡን እያቀረበ ጠየቀው።

«እናትህ ከየት አገር ናት?»

«ከወገራ።»

የጓዴ እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። «የወገራ ማን?»

«የቢተው ልጅ አበዛሽ ትባላለች። የቢተው አባት ቸኮል ነው። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

«ብላ፣ ልጄ» አለ ጓዴ፤ ራሱ ግን አልበላም።

ቶመር ከሄደ በኋላ ናአማ አባቷ ፊት ቆመች።

«ምንድን ነው?»

«ምንም ላይሆን ይችላል። እኛም ወገሬ ነን። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ምንም አይባልም። አክስቴ የሺዓለም ታውቃለች፤ እስኪ ከእናቱ ጋር ይገናኙ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ናአማ እንቅልፍ አጣች። ሰባት ቤት ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም፤ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ዘመድ ሆኖ የተገኘ እህትና ወንድም ነው፣ አይጋባም። ልጅ ሆና ትስቅበት ነበር። አሁን ግን መነጽር ቤት ውስጥ የሰው ፊት ስትለካ እጇ ይከብዳት ጀመር። የቶመር ቅንድብ ወደ አፍንጫው ሲወርድ ያለው አጣጣል የአባቷ ነው? ጆሮውስ? ሲስቅ አገጩ ላይ የሚገባው ስርጉድ የማን ነው? ከእሱ ጋር ስትሆን ፊቱን ላለማየት መንገዱን ታያለች።

«ምነው ሸሸሽኝ?» አላት አንድ ቀን።

«አልሸሸሁም። ፈርቼ ነው።»

«እኔም» አለ።

ይባስ ብሎ የአበዛሽን ቤት አወቀችው። አበዛሽ ፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ማታ ዕብራይስጥ ትማራለች። የታናሽ እህቷ የማሬ ፎቶ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል። አበዛሽ የገባችው በባሏ ወገን ነው፤ ማሬ ግን ጎንደር ቀርታለች። ዓመታት ሙሉ «ዘራችሁ ከቤተ እስራኤል ለመሆኑ ማን ይመሰክራል?» እየተባለ ወደ እስራኤል ለመግባት ያቀረበችው ማመልከቻ ተመልሷል። የአበዛሽ አባት ወገን ድሮ ከዘመዶቹ ተለይቶ ክርስትና የተነሳ ነውና፣ የቀረው ዘመድ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፍቶ ነበር።

«አንድ ዘመድ ባገኝ፣ ልጄ» አለቻት አበዛሽ፤ እጇን ይዛ። «አንድ ብቻ።»

ናአማ አንገቷን ደፋች። እሷ የምትጸልየው የዚህን ተቃራኒ ነበር።

ቆጠራው ዓርብ ጠዋት ገዴራ፣ አበዛሽ ቤት እንዲሆን ተወሰነ። በዚያው ጠዋት ያቭኔ የዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ ነበር፤ ናአማ ከቶመር።

«ግጥሚያውን እናራዝመው?» አለችው በስልክ።

«ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ልባችን ከሚቆም ብንጫወት ይሻላል።»

አዳራሹ ሞልቷል። ቶመር እንደ ወትሮው ጀመረ። ናአማ አንዷን ኳስ በጠባብ ቀዳዳ አሾልካ ስታስገባ ባርኔጣውን አወለቀላት።

«መነጽር ቤት የምትሠራ ሰው መጫወት የለባትም! እኛ ኳስ እናያለን፣ እሷ የኳሷን ሐሳብ ነው የምታየው!»

ሰው ሳቀ። ናአማም ለአፍታ ሳቀች። ከአንዱ ኳስ ወደ ሌላው ስትዞር ግን ዓይኗ የሚሄደው ወንበሩ ላይ ወደተቀመጠው የእሱ ስልክ ነው። የእሷ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ልትሰማው አትፈልግም።

በእረፍቱ ሰዓት የቶመር ስልክ በራ። አንስቶ ወደ ውጭ ወጣ። ናአማ በመስታወቱ በኩል ጀርባውን አየች። ትከሻው አልተነቃነቀም። እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ቆመ፤ እጁ ግን አላረፈም።

ተመልሶ ገባ። ሮኒት ጨዋታው እንዲቀጥል አዘዘች። ቶመር ዱላውን አነሳ፣ መታ፣ ሳተ። ምንም አላለም።

ተመልካቹ ቀልዱን ጠበቀ። የለም። ሌላ ሳተ። ኦሪ ከጥጉ «ቶመር፣ ባትሪህ አለቀ?» ብሎ ጮኸ፤ አንድ ሁለት ሰው ሳቀና ተወው።

ናአማ ጠመኔዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ምናልባት እሷ ነች የተሳሳተችው፤ ምናልባት ሌላ ነገር ነው። አንድ ቃል ብታስወጣው ይቀላት ነበር።

«ቶመር» አለች፤ ድምጿ ቀጠነባት። «ምላስህን ውጭ ረሳኸው? ሄደህ አምጣው፣ እጠብቅሃለሁ።»

አዳራሹ አውካካ። ቶመር ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

ያን ጊዜ አወቀች።

የቀረውን እንዴት እንደተጫወተች አታስታውስም። ዘጠኝ ቁጥሯ ኳስ ገባች፤ ሰው አጨበጨበ። ቶመር ሊጨብጣት ጠጋ አለ።

«በአምስተኛው ቤት ገጠመ» አላት በጆሮዋ። «የእናቴ አያት ቸኮልና የአባትሽ አያት መርሻ ወንድማማች ናቸው።»

በመኪናው ይዟት ወጣ።

«ስልኩን ሳነሳ እናቴ እልል እያለች ነበር» አላት መንገድ ላይ። «ከዚያ ዝም አለችና ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ልጄ፣ ይቅር በለኝ፤ ደስ ብሎኛል› አለችኝ።»

ናአማ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«ስሚኝ» አለ ቶመር። «ሕጉ አይከለክለንም። የሚያጋባው ራባኑት ሰባት ቤት አይቆጥርም። ሰው ጥቂት ያወራል፣ ከዚያ ይለምደዋል። እንጋባ።»

እሺ ማለት ፈለገች። ቃሉ አፏ ላይ ነበር። «ጊዜ ስጠኝ» አለችው።

ጓዴ እቤት ሲጠብቃት ነበር። አልተቆጣም፣ አልከለከላትም። «ወዳንቺ የመጣው ፍርድ ከባድ ነው፤ እኔ አልጨምርበትም» አላት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እኔና አክስቴ ለማሬ ልንመሰክር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የኢሚግሬሽን ቢሮ ቀጥረውናል» አለ።

ናአማ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነገሩን ስታገላብጥ ቆየች። አባቷ ቢሮ ገብቶ ማሬ ዘመዴ ናት፣ የአያቴ ወንድም የልጅ ልጅ ናት ይላል። ልጁን ደግሞ ለማሬ እህት ልጅ ይድራል። ማን ያምነዋል? እዚያ ቢሮ ውስጥ የእኛ ሰዎችም ይሠራሉ፤ የእኛ ሰው ዘመዱን እንደማያገባ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ዘመድ ቢሆኑ ኖሮ አይጋቡም ነበር ይላሉ፤ የማሬም ፋይል ይዘጋል።

ብዙ ቀን ሌላ መውጫ ፈለገች። ቆይተው ቢጋቡስ? ማሬ እስክትገባ ስንት ዓመት? ከገባች በኋላስ ለቀሪዎቹ ዘመዶች? ጥያቄው ማለቂያ አልነበረውም።

በመጨረሻ ገዴራ ሄደች። ከቤታቸው በታች ባለው የሕፃናት መጫወቻ አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ነገረችው። ቶመር እስክትጨርስ ሰማት። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ከዚያ ይቀልዳል ብላ ጠበቀች።

«አስቤዋለሁ» አለ በዝግታ። «ካንቺ በፊት አስቤዋለሁ። አንቺ እንዳታስቢው ነበር የምለምነው።»

«እናትህ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። አልጠየቀችኝም። ማታ ማታ የማሬን ፎቶ ወደ ግድግዳው ታዞረዋለች፤ እኔ እንዳላየው።»

ናአማ እጁን ያዘችው። እስኪጸና ድረስ ይዛው ቆየች። ከዚያ አውቶቡሷ መጣ።

ሊጉ አልቆመም። ከወራት በኋላ ዕጣ እንደገና አጋጠማቸው። ናአማ ዓይኑን እንዴት አያለሁ እያለች ከቤት ወጣች። ቶመር ግን ጠመኔውን እያሸ ተናገረ፤ እሷም መለሰች፤ ሰው ሳቀ። ከጨዋታው በኋላ እሱ በአንዱ በር፣ እሷ በሌላው ወጡ።

ማሬ የገባችው በተከታዩ ዓመት ነው። ቤን ጉርዮን አየር ማረፊያ፣ የመንገደኞች መድረሻ በር ላይ የሁለቱም ቤት ሰው ተሰብስቦ ነበር። አበዛሽ መቆም አቅቷት በጓዴ ክንድ ተደግፋለች። ናአማ ሳትመጣ ልትቀር አስባ ነበር፤ ጠዋት ግን አባቷ ሳይጠራት ለብሳ ወጣች።

በሩ ተከፈተና አንዲት ቀጭን ሴት ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ወጣች። እህትማማቾቹ ተቃቅፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። ብዙ ተለቀሰ። ማሬ ቀና ስትል ቶመርን አየችው፤ የመጨረሻ ያየችው ሕፃን ሳለ ነበር። ጉንጩን፣ ግንባሩን ሳመችው። ከዚያ ዓይኗ አጠገቡ ወደቆመችው ወጣት ሄደ።

«ኧረ እሰይ! ይቺስ ሚስትህ ናት?»

ጓዴ ጫማውን አየ። አንደበተ ርቱዕ የተባለው ቶመር አፉን ከፈተ፤ አንድም ቃል አልወጣውም።

«እህቱ ነኝ፣ እትዬ ማሬ» አለች ናአማ። «የጓዴ ልጅ ነኝ። እንኳን ደህና መጡ።»

ማሬ እቅፍ አድርጋ ሳመቻት፤ አንገቷ ሥር ገብታ «የሥጋዬ ቁራጭ፣ የሥጋዬ ቁራጭ» እያለች አለቀሰች። ናአማም አለቀሰች፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ቶመር የማሬን ሻንጣ አንስቶ ወደ መኪናው ቀደመ። ሲሄድ ወደ ኋላ አልዞረም።