ንጉሡ ሠ

መጋቢት 1970 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ቤት ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፦ አቶ አስማማው፣ ባለቤታቸው የብርጓል፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃቸው ሰገነትና የስድስት ዓመቱ አምባቸው። አምባቸው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የፊደል ገበታ ፊት ተንበርክኮ ነበር።

«እንደገና» አሉ አቶ አስማማው።

ሰገነት በስንደዶ አንዱን ፊደል ነካች። «ይኼ ማነው?»

አምባቸው ሁለቱን «ሰ» መለየት አቅቶታል። አንዱ እሳቱ ሰ፣ ሌላው ንጉሡ ሠ ይባላል። ድምፃቸው አንድ ነው፤ የሚለዩት በመልካቸውና በስማቸው ብቻ ነው።

«አንድ፣ ሁለት...» ብላ ሰገነት ቆጠረች። ሦስት ሳይባል የመለሰ አይንበረከክም የሚለውን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት። ወንድሟን የምትረዳው መስሏት ነበር። አሁን ግን ቁጥሩን ሲሰማ አገጩ ይንቀጠቀጣል። ከሰኞ ጀምሮም አልጋው ላይ ይሸናል።

«እሳቱ» አለ።

«ንጉሡ ነው። ስንቴ ይነገርህ?» አሉ አባቱ።

አቶ አስማማው የፋብሪካ ጸሐፊ ናቸው። ባለፈው ወር ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው ከሥራ ቀሩ፤ ለምን ቀሩ ብሎ የጠየቀ የለም። ከዚያ ወዲህ አምባቸው ከግቢ አይወጣም፤ አባቱም ከሥራ በመጡ ቁጥር ፊደል ይጠይቁታል። «ሌላው ሁሉ ይወሰዳል፤ ፊደል ግን አይወሰድብህም» ይሉታል።

በሩ ተንኳኳ። የተንኳኳው በእጅ አልነበረም።

የቀበሌ ጥበቃዎች ነበሩ። አንደኛው ጠመንጃ የያዘ ወጣት ነው፤ ከሰፈሩ በታች ባለው ሐይቅ ዳር፣ ደንገል ውስጥ የተደበቀ ሰው ሲያስስ ስለዋለ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ሌላው ጎረቤታቸው አቶ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ተማሪ እንደነበሩ ሰፈሩ ያውቃል፤ እሳቸው ግን ዛሬ አያነሡትም።

ፍራሹ ተገለበጠ፣ መጻሕፍቱ ተራገፉ፤ ምንም አልተገኘም። ወጣቱ ሊወጣ ሲል አምባቸውን አየው።

«አንተ ጎበዝ፣ ምን አጥፍተህ ነው የተንበረከክኸው?» አለና ሣቀ። በጠመንጃው አፈሙዝ ገበታውን ነካ አደረገ። «ተማሪ ነህ አሉ። እስቲ ይቺ ማናት?»

ሰገነት አፈሙዙ የት እንዳረፈ አየች። ንጉሡ ሠ ባለበት አምስተኛው መስመር ላይ ነበር።

«አንድ፣ ሁለት...» አለ ወጣቱ፣ ለቀልድ።

«ንጉሡ!»

ወጣቱ አፈሙዙን ከገበታው አነሣ።

«ማን?»

«ንጉሡ» አለ አምባቸው፣ አሁን ይበልጥ ጮክ ብሎ። ልክ መመለሱን አውቋል። ጎበዝ እንድትለው ወደ ሰገነት ዞረ።

«ማነው ይህን ያስተማረው?» ወጣቱ አሁን አይሥቅም። የሚያየው አቶ አስማማውን ነው። የብርጓል የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። አቶ ወልደ ዮሐንስ ጫማቸውን ያያሉ።

ሰገነት ዝም ካለች አባቷ እንደሚወሰዱ ገባት።

«እኔ ነኝ ያስተማርሁት» አለች። «የፊደሉ ስም ነው። ያኛው እሳቱ ሰ፣ ይኼኛው ንጉሡ ሠ ይባላል። ቀበሌ በሰጠን ወረቀት ላይ ‹አብዮታዊ ሠራዊት› የተጻፈው በዚህ ነው። በሌላው ከተጻፈ ስሕተት ነው።»

ወጣቱ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየ፤ ገበታውን አየ፤ ከዚያ ወደ አቶ ወልደ ዮሐንስ ዞረ።

እሳቸው ከጫማቸው ቀና አላሉም። «እውነቷን ነው» አሉ።

«እንግዲያው ሌላ ስም ስጡት» አለ ወጣቱ። ወጡ።

አቶ አስማማው ሰገነት የጣለችውን ስንደዶ ከመሬት አነሡ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የስንደዶው ጫፍ ገበታው ላይ መታ መታ ይላል። «ከዛሬ ጀምሮ ‹ሠራዊቱ ሠ› ነው የምትለው። ሰማህ? በል፣ ይኼ ማነው?»

ከአምባቸው ሥር ያለው መሬት ረጠበ።

ሰገነት ከአባቷ እጅ ስንደዶውን ቀስ ብላ ወሰደች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«ዛሬ አይጠየቅም፣ አባባ። ነገም አይጠየቅም።»

«ትምህርት ቤት የሚገባበት መስከረም ይደርሳልኮ።»

«ይድረስ። ለክረምት እኔ በጨዋታ አሳየዋለሁ። እርስዎ አይጠይቁት። እኔም አልቆጥርበትም።»

አቶ አስማማው የተገለበጠው ፍራሽ ላይ ተቀመጡ።

ሰገነት የወንድሟን ሱሪ ቀየረችና ይዛው ወጣች። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ እጇን ጎተተ።

«እታለም፣ ልክ ነበርሁ አይደል?»

«ልክ ነበርህ።»

«ታዲያ አባባን ምን አንቀጠቀጣቸው?»

«እኔም ተንቀጥቅጫለሁ» አለችው።

በመስከረም አምባቸው አንደኛ ክፍል ገባ። ሁለቱን «ሰ» ገና አልለየም ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚጠይቀው ግን አልነበረም።