መርፌው የራሱን ኮድ ሲያገኝ

«ልቀቂው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» ይላል ከጓደኛዋ ከዳኒካ የመጣው መልእክት።

የኮሪን አውራ ጣት ስልኩ ላይ ቆሟል። «ክሊኒኩ እናቴን የካንሰር መርፌ ከለከላት!» እያለች በንዴት የተናገረችበት ቪዲዮ ተዘጋጅቷል። ከበቆሎ እርሻቸው በማለዳ ተነስተው የመጡት ለዚሁ መርፌ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ግን ኢንሹራንሱ ካልፈቀደ ዛሬ እንደማይሰጥ ነገረቻቸው። እናቷ ሬኔ የሹራብ ኮፍያዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች።

ይሄኔ የውስጠኛው ቢሮ በር ተከፈተና ከኢንሹራንሶች ጋር የምትጻጻፈው ሎርና ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች።

«ሬኔ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «መድኃኒትሽ አዲስ ስለሆነ ኢንሹራንሱ የሚለይበት የራሱ ኮድ አልነበረውም። ኮድ ለሌላቸው ሁሉ በሚያገለግለው የጋራ ኮድ ነበር የምጠይቅልሽ። ከዚህ ወር ጀምሮ የራሱ ተሰጥቶታል። እጄ ለምዶ የዱሮውን ጻፍኩና ኢንሹራንሶቹ ጥያቄውን መለሱት።»

ኮሪን ብድግ አለች። «እና እናቴ በእርስዎ ስህተት ባዶዋን ትመለስ?»

«ኮሪን!» አለች እናቷ።

«ተያት፣ እውነቷን ነው» አለች ሎርና። « አስተካክዬ ልኬዋለሁ፤ አሁን የሚቀረው አንድ ሰው በስልክ ‹እሺ› እንዲለኝ ነው። እሺ እስኪል አልዘጋም። ነይ የኔ ልጅ፣ አጠገቤ ተቀመጪ። ብዘጋ ቆንጥጪኝ።»

ኮሪን ገብታ ተቀመጠች። ስልኩ ያንኑ ሙዚቃ ደጋግሞ ያጫውታል። የሎርና ሳንድዊች እንደተጠቀለለ ነው። በመጨረሻ አንድ የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ወጣት አነሳና ነገ እንድትደውል ነገራት።

«ነገ አይሆንም ወንድሜ፤ ሴትዮዋ እዚሁ ደጄ ላይ ተቀምጣለች። አለቃህን አቅርብልኝ። እኔ እንደሆንኩ ጡረታ እስክወጣ መጠበቅ እችላለሁ።»

ኮሪን ሳቋ አመለጣት።

አለቃው እሺ ሲል የምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ሎርና ማዳመጫዋን አውልቃ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ቀና ስትል ዓይኗ ርሷል። ከውጭ ነርሷ «ሬኔ!» ብላ ስትጣራ ተሰማ።

ኮሪን ማመስገን ፈለገች። ሳንድዊቹን ወደ ሎርና ገፋ አደረገችላት።

«ይብሉ» አለች በቀስታ።

ኮሪደሩ ላይ የኮሪን ስልክ ተንጫጫ። ዳኒካ ናት፦ «ማነው ጥፋተኛው? ስሙን ብቻ ላኪልኝ፣ አስጨሰዋለሁ!»

ኮሪን «ሎር» ብላ መጻፍ ጀመረችና አጠፋችው። ቪዲዮውንም አጠፋችው። «እማዬ መርፌዋን እየወሰደች ነው» ብላ ላከችና ስልኳን ኪሷ ከትታ ወደ እናቷ ገባች።