የሃምሳ ደቂቃ መንገድ

ሽማግሌው የሞቱት ትንሿ የበሽተኛ ማመላለሻ አውሮፕላን ከማረፊያዋ በላይ ስትዞር ነው። አንዷ የኦክስጅን ሲሊንደር አለቀች፤ ሁለተኛዋ ብትፈለግ የለችም። ጥፋቱ ይዛቸው በተጓዘችው ነርስ ላይ ተላከከ። መርማሪዋ ስትጠራ ነርሷ ከታሰረች አራተኛ ቀኗ ነበር።

«ሁለት ነው ያስጫንኩት፤ ፈርሜያለሁ» አለች ነርሷ። «ከዚያ በኋላ ከበሽተኛው አጠገብ አልተነሳሁም። ግን ማን ያምነኛል?»

አብራሪው ቆጣ ብሎ ነበር። «ልንነሳ ስንል ባለቤታቸው ‹ከባሌ አልለይም› ብለው አለቀሱ። አርባ አምስት ኪሎ ናቸው። ‹አርባ አምስት ኪሎ ይውረድና ይግቡ› አልኩ። ልጃቸው አወረደ። እኔ ያየሁት ሚዛኑን ነው።»

«ምን አወረድክ?» መርማሪዋ ልጁን ጠየቀችው።

«ሁለት ሻንጣ። ለሃምሳ ደቂቃ መንገድ ምን ያደርጋል?»

«ሃምሳ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ስልኬ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ሃምሳ ደቂቃ ይላል።» ይህን ሲል ዓይኑ እናቱ ላይ ነበር። መርማሪዋ አስተያየቱን አልወደደችውም። አውሮፕላኗ ወደ ተነሳችበት አየር ማረፊያ ሄደች፤ ዕቃ ክፍል ገብታም ሻንጣዎቹን በገዛ እጇ መዘነች።

በማግስቱ ሁሉንም ጠባቧ ቢሮ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እማማ፣ እርስዎ ውጭ ቢቆዩስ?»

«የባሌን ነገር ከእኔ ደብቃችሁ ለማን ልትነግሩ ነው?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሲጠራ ማንን እንደሚያቃጥል ግን ተረቱ አይናገርም። መርማሪዋ ዝም ብትል ነርሷ እስር ቤት ትቀራለች፤ ስለዚህ ተናገረች።

«የወረደው አርባ አምስት ኪሎ ነው። ሻንጣዎቹ ሠላሳ ናቸው። የቀረው አሥራ አምስት የአንድ ሲሊንደር ክብደት ነው፤ ከሻንጣዎቹ ጀርባ ቆማ አገኘኋት። ነርሷ ከበሽተኛው፣ አብራሪው ከሚዛኑ አልተነሱም። ያወረደው አንድ ሰው ነው።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «አንዷ ሰዓት ተኩል ታደርሳለች ብለውኝ ነበር። መንገዱ ሃምሳ ደቂቃ ነው፤ ይተርፋል ብዬ።»

«ስልክህ የቆጠረው አየር ላይ ያለውን ብቻ ነው። ሲሊንደሯ የተከፈተችው በሩ ሲዘጋ ነው። ለመነሳት ተራ ጥበቃ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። በረራው ሃምሳ። ደመናው እስኪገለጥ ዙረት ሃያ። አባትህ ዙረቱን አልጨረሱም። አንተ ይህን ታውቃለህ፤ ታዲያ የሰው ልጅ ታስራ እንዴት ዝም አልክ?»

ልጁ እናቱን አየ።

«ለእኔ ወንበር ብለህ ነው?» አሉ እናቱ።

ልጁ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«መንገዱን ሁሉ አባትህን ‹በርታ፣ ደርሰናል› እለው ነበር» አሉ እናቱ። «እጄን ጨብጦ ያምነኝ ነበር።»

መርማሪዋ የነርሷን መፈቻ ወረቀት ፈረመች። ከዚያ ወዲያ ለእናትና ለልጅ ልታደርገው የምትችለው ነገር አልነበረም።