ቶሎ የወጣው ቁልፍ

የእህል ዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ ፍሥሐ ከመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት፣ ከሲሚንቶው ደረጃ ግርጌ አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ስትደርስ ፖሊሶቹ ወጣቷን የኮምፒውተር ባለሙያ ሕሊናን በካቴና ይዘዋታል።

«በምን ጠረጠራችኋት?»

«ጠዋት ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች።»

«እኔም ከባለቤቴ ጋር ተጨቃጭቄ ነው የወጣሁ። እስቲ ትናገር።»

ሕሊና ጠቡን አልካደችም። ቅርንጫፎቹ የሚገናኙበት የኔትወርክ ሰርተፊኬት የሚያበቃው ዛሬ ነው፤ አዲስ የቁልፍ ጥንድ፣ ማለትም ራውተሩ የሚያመነጫቸው ሁለት ተጣማሪ ቁጥሮች፣ ያስፈልጋል።

«እኔ ከርቭ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ይሁን አልኩ። አጭር ነው፣ ወዲያው ይወጣል። የክፍሉ ነባር ባለሙያ ጋሽ ደመላሽ ግን ከድሮው ዓይነት ከአርኤስኤ ወዲያ ቁልፍ የለም አሉ። ፍሥሐ የኔን መረጠ፤ የኔትወርክ ክፍሉንም ኃላፊነት ሰጠኝ። ‹ለጋሽ ደመላሽ አንቺው ንገሪያቸው› ሲለኝ ነው የጮኽኩበት። ከዚያ ላይ ቤት ብቻዬን ሳለቅስ ነበር።»

ዘበኛው ገብረ ሚካኤል ከሦስቱ በቀር ማንም አልገባም ብሎ ማለ። ፍሥሐ ወርዶ ብዙም ሳይቆይ የሉማሜ ቅርንጫፍ ሠራተኞች «ተገናኘን» ብለው ደውለዋል።

ደመላሽ ተረጋግቶ ተቀምጧል።

«ፍሥሐ ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«ምድር ቤት፣ ውስጠኛው ክፍል፣ ራውተሩ ፊት። አርኤስኤውን ስሠራ። ያ አሮጌ ዕቃ ረጅሙን ቁልፍ እስኪያወጣ ግማሽ ሰዓት ያስቀምጣል። ፍሥሐ ሳይመጣ ጀምሬ፣ ሉማሜ እስክትገናኝ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ለነገሩ ይሄ ለፖሊስ አይገባም።»

«የልጅቷን አልሞከሩም?»

«ትናንት ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልታስተምረኝ? ብሞት አልነካውም!»

ያለምወርቅ ሁሉንም ምድር ቤት ሰበሰበች። የሕሊናን ካቴና አስፈትታ ላፕቶፕሽን ከራውተሩ ጋር አገናኚ አለቻት።

«ከጥንዱ አንዱ ቁልፍ ምስጢር ነው፤ ሌላው ግን ለሚገናኝ ሁሉ ይታያል። ዓይነቱን አንብቢልን።»

ሕሊና ስክሪኑን አየችና አፏን በእጇ ያዘች። «ከርቭ ነው።»

«እሷ ቀይራው ነው!» አለ ደመላሽ።

«በካቴና? ሠራሁት ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ሉማሜም የተገናኘችው በዚሁ ነው። እንግዲህ ግማሽ ሰዓቱ የለም ማለት ነው። ሉማሜ የተገናኘችው ፍሥሐ ከወረደ በኋላ ስለሆነ፣ እሱ ሲወርድ ገና አልጀመሩም ነበር። ሹመቷን ነገረዎ፤ ገፉት። ከዚያ ሥራ ላይ ነበርኩ የሚያሰኝ ነገር አስፈለገዎ፤ አርኤስኤውን እንዳይጠብቁ ሰው ይመጣል። በቅጽበት የሚወጣው የማን ቁልፍ ነበር?»

ደመላሽ ደረጃውን አየ። «ይህን ክፍል ከባዶ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ‹እንኳን ደስ ያለሽ በላት› አለኝ። እኔን!»

ካቴናው ሲገባለት ፊቱ አልተለወጠም። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዞረ።

«ሉማሜ... አልተቋረጠችም?»

«አልተቋረጠችም፣ ጋሼ» አለች ሕሊና። «አሳምረው ነው የሠሩት።»

ያን ጊዜ ነው አንገቱን የደፋው።